የመንግሥት እርዳታ የሚያበቃበትና የእኛ የሚጀምርበት

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ ለወላጆችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሚሄዱት ልጆቻችን ነው።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በተነገረ ሰሞን በአጥቢያዎቻችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሑድ ዕለት ያለፉት ልጆች ወደ ፊት ይጠራሉ። ጉባኤው እልል ይላል፤ ሽማግሌዎች ይጸልዩላቸዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይበረከትላቸዋል። እናት በደስታ ታለቅሳለች። ከዚያም ከመካከላችን አንዱ፣ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ መንግሥት ያስተምረዋል» ይላል፤ ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ወደየቤታችን እንበተናለን።

ዛሬ ልንመረምራት የመጣነው ይህችኑ አንዲት አነጋገር ነው። ሐሰት አይደለችም፤ ነገር ግን ጎደሎ ናት። ጉድለቷን ቀድመን ባለመመልከታችን በአንዲት ልጃችን ላይ የደረሰውን በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል።

የልጅቱን ስም አንጠራም፤ ቤተ ሰቧ በመካከላችን ይኖራልና። እናቷ እዚሁ ላፍቶ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች በማቅረብ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ልጅቱ ከሁለተኛ ክፍል ጀምራ በፕሮጀክታችን ታቅፋ ደብተር፣ ዩኒፎርምና የሕክምና ድጋፍ ስታገኝ የኖረች፣ በትምህርቷም የምንመካባት ነበረች። ፈተናውን አልፋ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ በሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። እኛም ፋይሏን ከመደርደሪያ አውርደን በመጨረሻው ገጽ ላይ «ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ድጋፉ ተጠናቋል» ብለን ጻፍንና ዘጋነው።

የጥሪው ማስታወቂያ ወጣ። እንደ ተለመደው አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ፣ ጉርድ ፎቶግራፎች፣ የምስክር ወረቀቶች ዋናውና ኮፒው ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። እናቷ የዕቁብ አባላትን ለምነው ዕጣቸውን ቀድመው ወሰዱና ይህን ሁሉ ገዝተው ሸኟት። በአራተኛው ወር ልጅቱ ከመካከላችን ለአንዱ ስልክ ደወለች። ሰላምታ ተለዋወጡ። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ያለ መሆኑን አስተውሎ፣ «ምግብም መኝታም ከመንግሥት አለሽ፤ ታዲያ ምን ጎደለሽ?» አላት። «ምንም አልጎደለኝም፣ ጋሼ። በጸሎት አስቡኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ለሴሚስተር ዕረፍት እንደ መጣች በዚያው ቀረች። እኛ ይህን የሰማነው ከሳምንታት በኋላ ነው። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቅ እናቷ ቡና እያፈሉ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ምግቡ አለ፤ አልጋውም አለ። የሌለው ሌላው ነው። ለኮፒ ስትል፣ ለሳሙና ስትል፣ ለወር አበባዋ ስትል የምትጠይቀው እኔን ነው። እኔም ከታናናሾቿ እየቀነስኩ እልክላታለሁ። እሷ ደግሞ ይህንን ታውቃለች። ‹ከእንግዲህ ሸክም አልሆንሽም፣ እማዬ› አለችና ቀረች።»

ከዚያ ቤት ወጥተን በመንገድ ላይ ስናሰላው በወር የጎደላት ገንዘብ ስምንተኛ ክፍል ሳለች እናወጣላት ከነበረው እምብዛም የሚበልጥ አልነበረም። ዐሥር ዓመት የደገፍናትን ልጅ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የለቀቅናት እኛው ነን። በመንግሥት ላይ ልናሳብበው አንችልም፤ መንግሥት እሰጣለሁ ያለውን ሰጥቷታል። ጥፋታችን የሰጠው ምን እንደ ሆነና የት ላይ እንደሚያበቃ ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው። ስለዚህ ዛሬ እንጠይቅ።

መንግሥት የሚሰጠው ምንድን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ መንግሥትም ያስተምራቸው፣ ያበላቸውና ያሳድራቸው ነበር። ይህ ልማድ መልኩን እየለወጠ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆየ። ያኔም ቢሆን መልሶ የሚጠየቅ ነገር አልጠፋም፤ በ1957 ዓ.ም. ግድም በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፉት በእነዚያ ወጣቶች እጅ የተማሩ ሳይኖሩ አይቀሩም።

በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተስፋፍተው ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ሆነዋል። ይህን ሁሉ ሕዝብ በነጻ ማስተማር፣ ማብላትና ማሳደር የመንግሥትን ካዝና የሚከብድ ሆነ። ስለሆነም ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት በሥራ ላይ ዋለ። ልጆቻችን «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሥርዓቱ የቆመው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ቁጥር 91 ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152ም ወጪ መጋራትን ይዞ ቀጥሏል።

በደንቡ መሠረት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ወጪ ግን ሙሉ በሙሉ ይጋራል። አሁን አይከፍልም፤ ውል ፈርሞ ይማርና ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ከወር ገቢው የሚቀነሰው ቢያንስ 10 በመቶ ነው፤ ተከፍሎ ማለቅ ያለበትም ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ ነው። ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታ የተጣለው በአሠሪው ላይ ነው። መምህር ሆነው የሚመደቡ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎታቸው እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ለምሳሌ በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ወጣት ቢኖር በየወሩ 900 ብር ይቀነስበታል ማለት ነው።

ይህ አሠራር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ተምሮ ገቢ ሲያገኙ በግብር በኩል የመክፈልን ሥርዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ጀምራለች። ጎረቤታችን ኬንያም በ1995 የተማሪዎች ብድር ቦርድ አቋቁማለች። ነገር ግን በኬንያና በእኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ከዛሬው ንግግራችን ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህችን አትርሱ። የኬንያው ብድር ለመኖሪያ የሚሆን ገንዘብ ለተማሪው በእጁ ያስገባል። የእኛ አገር ብድር በአመዛኙ በገንዘብ አይሰጥም። በመማሪያ ክፍል፣ በካፌ ትሪና በዶርም አልጋ ይሰጣል። ተማሪው ተበድሯል፤ በኪሱ ግን ሳሙና የሚገዛበት ሳንቲም የለም። የልጃችን ችግር በሙሉ በዚህች ስንጥቅ ውስጥ የወደቀ ነው።

የእርዳታው ሦስት ድንበሮች

የመጀመሪያው ድንበር በበሩ ላይ ነው። መንግሥት የሚረዳው የገባውን ነው፤ የሚገቡት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ለማለፍ ከተቃረቡት ውስጥ የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት፣ ማለትም በሬሜዲያል በኩል ሌላ ዕድል አግኝተዋል። ከዚህ ውጭ የቀረው በግል ኮሌጅ ቢማር፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ቢማር፣ ወጪው በራሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2016 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠትና ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። በመንግሥት ወጪ ነው ወይስ በራሱ? በመደበኛው ነው ወይስ በማታው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ድንበር በግቢው ውስጥ ነው። እርዳታው ትምህርትን፣ ምግብንና መኝታን ይሸፍናል። ሄዶ መመለሻው የአውቶቡስ ገንዘብ የለበትም። የሃንድአውት ኮፒ የለበትም። ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ጫማ፣ የስልክ ካርድ የለበትም። ምግቡም ቢሆን ልኩ የታወቀ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር። ከካፌው ወጥቶ በራሱ ለሚመገበው፣ ተማሪዎቹ «ኖን ካፌ» ለሚሉት፣ ይህ በወር 450 ብር ማለት ነው። ጤፍ የምትሸምቱ እናቶች 15 ብር ቁርስን፣ ምሳንና ራትን እንዴት እንደሚችል ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። በኋላ ወደ 22 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ትልቅ ዕርምጃ ነውና እናመሰግናለን። ሆኖም ደንቡ የምግብን ወጪ በሙሉ ከተማሪው ጋር የሚያያይዝ ስለሆነ ልጆቻችን በየዓመቱ በሚፈርሙት ውል ላይ የሰፈረውን አኃዝ አንብበው እንዲፈርሙ፣ ቅጂውንም በቤት እንዲያስቀምጡ እንመክራለን።

ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ልጅም አለ። ከጀሞ ተነሥቶ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ስድስት ኪሎ፣ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳል። የቀን የታክሲውን ሒሳብ በወር አባዙት። «እዚሁ አዲስ አበባ ደረሰው፣ ተመስገን» የምንለው ልጅ አንዳንድ ጊዜ ሩቅ ከተመደበው ይልቅ ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሆኖ አግኝተነዋል።

ሦስተኛው ድንበር ከምረቃው በኋላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ካለፈ በኋላም በእጁ የሚሰጠው ጊዜያዊው ማስረጃ፣ «ቴምፖራሪ» የሚሉት ነው። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ የወጪ መጋራቱ ግዴታ እስኪጠናቀቅ ድረስ በዩኒቨርሲቲው ይቆያሉ። ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ባለው ጊዜ ካፌው የለም፣ ዶርሙም የለም። ቤተ ሰብም «ተመርቀሃል፤ አሁን ደግሞ አንተ እርዳን» ይለዋል። ይህ ጊዜ ለብዙ ወጣቶች ከትምህርቱ ዘመን ይልቅ የከበደ መሆኑን በየቤቱ ስንዞር አይተናል።

ወላጆች ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲሠሩ እናያለን። አንዳንዶቹ ሁሉ ነገር ነጻ ነው ብለው ልጁን ባዶ ኪሱን ይሸኙታል። ሌሎቹ ደግሞ «ዕዳ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይደነግጡና በተለይ ሴት ልጃቸውን፣ «ይቅርብሽ፤ በዕዳ ተይዘሽ ማን ያገባሻል?» ይሏታል። ሁለቱም እንዲታረሙ እንለምናለን። ብድሩ የሚከፈለው ከሚገኘው ደመወዝ ላይ በመቶኛ ነው፤ ሠርቶ ደመወዝ የሚያገኝን ሰው የሚያስፈራ ሸክም አይደለም። ልጅን የሚያሰናክለው ዛሬ የጎደለው ትንሹ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ?

ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣው ሰው የተናገረውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪን መቁጠር የእምነት ማነስ እንዳልሆነ ከዚያ እንማራለን። እኛ በልጃችን ጉዳይ አጨብጭበን ነበር እንጂ አልቈጠርንም። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ ያዋልናቸውንና አጥቢያዎችም እንዲይዟቸው የምንመክራቸውን ነጥቦች ቀጥሎ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ፋይሉ አይዘጋ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፋይሉ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ይዛወር እንጂ «ተጠናቋል» ተብሎ አይጻፍበት። የሚጠናቀቀው ሥራ ሲይዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመሸኘት በፊት ይቈጠር። ጥሪው በወጣ ሳምንት ከወላጅ፣ ከልጁና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠን በአንድ ወረቀት ላይ በግራ በኩል መንግሥት የሚሸፍነውን፣ በቀኝ በኩል የማይሸፍነውን እንጽፋለን። የአንሶላና የብርድ ልብሱ ወጪ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ የኮፒና የሳሙናው ግን በየወሩ ይመጣል። ሁለቱ ተለይተው ይጻፉ። እናት ለዚህ ብላ ዕቁቧን መስበር የለባትም።

ሦስተኛ፣ የሚላከው ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን አይቋረጥ። በዓል ሲመጣ የሚላክ ብዙ ብር በየወሩ በታወቀ ቀን በባንክ ወይም በቴሌብር ከሚደርስ ጥቂት ብር አይሻልም። ልጁ ቀኑን ካወቀ ያቅዳል፤ ካላወቀ ይለምናል ወይም ይበደራል። መለመን ያፈረው ደግሞ ትቶ ይመጣል።

አራተኛ፣ ለያንዳንዱ ልጅ የሚደውል አንድ ሰው ይመደብ። ለሴት ልጅ ሴት ብትሆን ይመረጣል። አጠያየቁንም እንማር። «ምን ጎደለሽ?» ብለን ስንጠይቅ ጨዋ ልጅ የምትመልሰው አንድ ብቻ ነው፤ «ምንም» ትላለች። ስለዚህ «በዚህ ወር ለኮፒ ስንት አወጣሽ? ጫማሽ እንዴት ነው? ስንት ቀን ቁርስ ሳትበዪ ቀረሽ?» ብለን እንጠይቅ። ያኔ እውነቱ ይወጣል።

አምስተኛ፣ በግቢው ውስጥ ያለውን እርዳታ እናሳውቃቸው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች አገልግሎት ክፍልና የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት አሉ፤ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎችም በአቅማቸው የሚያደርጉት ነገር አለ። ልጃችን ይህን አታውቅም ነበር። እኛም አልነገርናትም፤ አናውቅም ነበርና።

ስድስተኛ፣ ማቋረጥ ግድ ከሆነ በሥርዓቱ ይሁን። ታሞ ወይም ቸግሮት ለጊዜው የሚወጣ ተማሪ የማቋረጫውን ቅጽ ሞልቶ፣ በግቢው የተረከበውን አስረክቦ መውጣት አለበት። እንዲህ ካደረገ ተመልሶ ለመግባት ሲያመለክት የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል። ዝም ብሎ የቀረ ግን በሩን ራሱ ዘግቶ ወጣ ማለት ነው። ልጃችን ዝም ብላ ቀርታ ነበር።

የማናደርገውንም ደግሞ እንናገር። መንግሥት የሚሰጠውን ደግመን አንሰጥም፤ ልጁ ካፌ እየበላ ለምግብ ብለን አንልክም። የወጪ መጋራቱንም ዕዳ አንከፍልም። በቅድሚያ መክፈል ለሚሻ ቤተ ሰብ ደንቡ ቅናሽ ማድረጉን ሰምተው «ቤተ ክርስቲያን ትክፈልልን» ያሉ ወላጆች ነበሩ። ጥያቄአቸው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ያ ዕዳ ነገ ከደመወዝ የሚከፈል ነው፤ ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብ ዛሬ ብዙ ልጆችን በትምህርታቸው ላይ ሊያቆይ ይችላል። ያለን ትንሽ ስለሆነ ማንም በማይሸፍነው ቦታ ላይ መዋል ይገባዋል።

ስለ ቀሩትም ልጆች አንድ ቃል

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ባለፈው ስብሰባ ላይ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውን ነበር፦ «ቁርስ ሳይበላ አንደኛ ክፍል የሚሄድ ሕፃን እያለ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ጎልማሳ ስለምን እንሰጣለን?» ጥያቄው ከባድ ነው። በዚያች ዕለት በቂ መልስ አልሰጠንም።

ዛሬ የምንመልሰው ይህ ነው። ሕፃኑን ትተን ለጎልማሳው እንስጥ አንልም። ነገር ግን ያንን ሕፃን አሥራ ሁለት ዓመት ተሸክመን ወንዙ ማዶ ሊደርስ አንድ ዕርምጃ ሲቀረው ብንለቀው የአሥራ ሁለቱም ዓመት ድካም አብሮ ይወርዳል። ደግሞም ተመርቆ ሥራ የያዘ አንድ ልጅ ታናናሾቹን ከፋይላችን ያወጣልናል። ይህንን በዐይናችን አይተናል።

ሆኖም ሽማግሌው የነኩት ሌላ እውነት አለ። ቀደም ብለን የጠራናቸውን አኃዞች አስቡ። ከመቶ ስምንት እንኳ ቢያልፉ ዘጠና ሁለቱ የት ናቸው? እሑድ ዕለት ወደ ፊት አይጠሩም፤ እልልታም የላቸውም። ብዙዎቹም በዚያን እሑድ ከቤት አይወጡም። እነርሱም የእኛው ልጆች ናቸው። ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ ለዕቃ መግዣ፣ ለመነሻ የሚሆን ድጋፍ ከዩኒቨርሲቲው ድጋፍ ሳያንስ በዕቅዳችን ውስጥ እንዲገባ ጠይቀናል። አጥቢያዎችም እነዚህን ልጆች በስም ጠርተው ይጸልዩላቸው።

በመጨረሻም

ስለ ልጃችን መጨረሻውን ትጠይቁን ይሆናል። ዛሬ ጀሞ በአንድ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እናቷ፣ አንዲት የአጥቢያዋ እህትና ከእኛ አንዱ አብረዋት ተቀምጠው ወደ ዩኒቨርሲቲው የምትመለስበትን ማመልከቻ ጽፋለች። ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ስለምን እንደ ቀረች ሳትሸሽግ አስረድታለች። ደብዳቤው ተልኳል፤ መልሱ ገና አልመጣም። ቢፈቀድላት ከዚህ በፊት ያልተጻፈው ወረቀት፣ በግራና በቀኝ የተከፈለው፣ አሁን ተጽፎ በፋይሏ ውስጥ አለ። ባይፈቀድላትም ፋይሏ ክፍት ነው። ይህንን ለእናቷ ነግረናቸዋል።

ዘንድሮ ከአጥቢያዎቻችን ሰባት ልጆች ይሄዳሉ። አራቱ ሴቶች ናቸው። ዝርዝራቸው በሽማግሌዎቻችሁ እጅ አለ። የምንለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ከያንዳንዱ አጥቢያ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ የሚደውል ሰውና በየወሩ የማትቋረጥ ጥቂት ገንዘብ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ እናት ብቻዋን የከበዳት ነገር በጉባኤ ሲያዝ ይቀልላል። ዛሬ ማታ ከመለያየታችን በፊት የሚደውሉት ሰዎች ስም በወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ደስታውን አንችለውም።

እሑድ ልጆቹ ወደ ፊት ሲጠሩ እንደ ወትሮው እልል እንበል። መጽሐፍ ቅዱሱንም እንስጣቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ከዚህ በኋላ መንግሥት ያስተምረዋል» ቢል፣ ሌላው ደግሞ ቀበል አድርጎ፣ «እኛም በየወሩ እንደውልለታለን» ይበል።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይባርክ።